ቀይ ቡሽ

ሦስተኛው ግርፋት ሲያርፍበት ማቲያስ መጮኹን ተወ። ኦስማኒ ግን መግረፉን አልተወም።

ዳይማራ ከትምህርት ቤት ለምሳ ስትመለስ ነው የደረሰችበት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጀርባ ቆመች። ኦስማኒ ያረጀ የሞተር ቺንጋ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ በተረፈው ጫፍ መሬት ላይ የተኮራመተውን ሰውዬ ይለበልበዋል። ቺንጋው ባረፈበት ሁሉ ሸሚዙ እየተቀደደ ሥጋው ይታያል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዓይኑን ጠጠሮቹ ላይ ተክሏል፣ ሌላው ሲጋራ ይለኩሳል። ትናንት ጠዋት ማቲያስ መኪኖቻቸውን በነጻ ያጠበላቸው እነዚሁ ናቸው። ሰው እንዲህ ነው።

«ካርቡራተሬን የት አደረስከው?» አለ ኦስማኒ።

ማቲያስ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ አፉ ላይ ያሉት ቃላት ግን ከአሥር አይበልጡም። ከእነሱ መካከል ደግሞ «አይ» የለችም። መኪና እጠብ ሲሉት «እሺ»፣ ሂድ ሲሉት «እሺ»፣ ና ሲሉት «እሺ» ነው።

«አንተ ነህ የወሰድከው?»

«እሺ» አለ ማቲያስ፣ ደም እየተፋ።

«ይኸው አመነ! ሁላችሁም ሰማችሁ!»

«እጁም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» አለ ሲጋራ ለኳሹ።

«የሚስትህስ እጅ ምን ይሸታል?» አሮጊቷ ኔሬይዳ ከመስኮቷ ሆና ጮኸች። «እዚህ ሰፈር እጁ ቤንዚን የማይሸት ማን አለ? ተወው አንተ አውሬ!»

ኦስማኒ ተወው፤ የተወው ግን ለአሮጊቷ ብሎ አይደለም፣ ክንዱ ስለደከመው ነው። አረንጓዴዋ የሃምሳ ሁለት ሞዴል ሼቭሮሌ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ቤንዚንና አየር የሚያዋህደው ያ ብረት ከነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ራቁታቸውን የቆሙ ብሎኖች ብቻ ይታያሉ። ከወንበሩ ሥር ገጀራውን አወጣ።

«አሥር ሰዓት ላይ» አለ፣ ገጀራውን ለሁሉም እያሳየ። «አሥር ሰዓት ላይ ካርቡራተሬ ካልተገኘ፣ ይሄን እጁን ከዚህች አንጓው ላይ ነው የማወርድለት። ከዚያ በኋላ ይስረቅ።»

የሚናገረውን የሚያደርግ ሰው እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ፖሊስ የሚጠራ ደግሞ አልነበረም። ፖሊስ ከመጣ በየጓዳው በጀሪካን የተቀመጠው ቤንዚን ከየት እንደመጣ ይጠይቃላ!  ኦስማኒ ማቲያስን በአንገትጌው እየጎተተ ጋራዡ ውስጥ ወረወረውና በሩን ቆለፈው። ከዚያ ዞሮ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው።

ኦስማኒ ዶሚኖ ሲጫወት ጠጠር አያይም ይባላል። የሚያየው የሰው ዓይን ነው፤ ዓይንህ ሾልኮ የሄደበትን ያውቅና ይበላሃል። አሁንም እንደዚያ ነው ያያቸው። ዳይማራ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንቺ። የአባትሽ ቤት የሰፈሩ ብረት ሁሉ መከማቻ ነው። ያየሽው ነገር አለ?»

«የለም» አለች።

 ከትናንት ማታ ጀምሮ በጋዜጣ የተጠቀለለ ካርቡራተር ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ጓደኛዋ ዩንዬል ነው ያመጣላት። ከፒናር ከተማ ነው፣ ከአጎቴ ነው ብሏታል። ከፒናር ነው፣ ከፒናር ነው እያለች እየሮጠች ቤቷ ገባች።

ግቢው ውስጥ የአያቷ ፖንቲያክ አራት የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጧል። ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የካርቡራተሩ ሰውነት ተሰንጥቆ ነው። ዳይማራ ስምንት ወር ሙሉ ምትክ ስትፈልግ ነው የከረመችው። ከጓናባኮዋ ሰፈር ብረት ሰብሳቢ የትራክተር መርፌ በጫማ ለወጠች። ስፕሪንጉን ከስክሪብቶ አወጣች። ላስቲኩን ከዝናብ ካፖርት ላይ ቆረጠችው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ቤት ደግሞ የካርቡራተር ገንዳ የሲጋራ መተርኮሻ ሆኖ አግኝታ፣ ወለሉን ሁለት ቀን ወልውላ ወሰደችው። ሁሉንም ጠረጴዛዋ ላይ ማሰሮ ውስጥ አጠራቅማለች፤ የቀራት ሰውነቱ ብቻ ነበር።

ጋዜጣውን ቀደደችው። ካቻቢቴውን አነሳች። አራቱን ብሎኖች ፈታች፣ ክዳኑን ገለበጠችው።

ውስጡ ቀይ ነው።

ከቤንዚኑ ላይ ተንሳፍፎ መርፌውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቁራጭ ከቡሽ የተፈለፈለ ነው፣ በእናቷ የጥፍር ቀለም ሦስት ጊዜ ተቀብቷል። አባቷ የኦስማኒን ካርቡራተር ሲጠግን የፈለፈለችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሃቫና ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቡሽ ሁለት የለም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። 

ያቺ ቡሽ ተሠርታ የኦስማኒ መኪና ውስጥ በገባች በዓመቷ ሞተሩ በእሳት ተያያዘ። «ያ የልጅሽ መጫወቻ ቤንዚን ጠጥቶ ሰምጦ ነው!» ብሎ ኦስማኒ ለእናቷ እየደነፋ መጣ። አባቷ ኤልፒዲዮ ወጥቶ፣ ሞተሩ ላይ ተጎንብሶ ሊያሳየው ሲሞክር፣ ኦስማኒ የብረት ኮፈኑን በሁለት እጁ አንስቶ በኤልፒዲዮ ቀኝ እጅ ላይ ጣለበት። አንድ ጊዜ አልበቃውም፣ ደገመው። ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ጋራዥ ሲሠራ ዲፕሎማ ያላቸው ሁሉ የሚዋሱት፣ የሠራውን በየስማቸው እያስመዘገቡ ሜዳልያ የሚያጠልቁበት እጅ ነበር። ሦስት ጣቱ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። በኋላ የተቀደደው የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማ እንደሆነ ታወቀ። ኦስማኒ ጎማውን ቀይሮ፣ ካርቡራተሩን ሳይከፍት መንዳቱን ቀጠለ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ካፉ አልወጣም።

ዳይማራም ለማንም ያልነገረችው ጥያቄ አብሯት ኖረ፦ የእኔ ቡሽ ብትሆንስ?

ቡሿን የያዘችውን ስፒል መዝዛ አወጣቻት። ቡሽ ቤንዚን ከጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይቺ ግን ላባ ነበረች። ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን ጨምራ ጣለቻት፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ከላይ ተንሳፈፈች። ዳይማራ ለረዥም ጊዜ አየቻት። ከዚያ የማቲያስ እጅ ትዝ አላትና ተነሳች።

ዩንዬልን ያገኘችው ሸንኮራ ጨማቂው ጋ ነው። ብስክሌቱ ላይ ተደግፎ በትልቁ ብርጭቆ ይጠጣል።

«ካርቡራተሩ ከየት ነው?» አለችው።

«ነገርኩሽ አይደል? ከፒናር። ከአጎቴ።»

«አጎትህ ጥፍሩን ቀይ ይቀባል?»

«ምን ሆነሻል?»

«ውስጡ የእኔ ቡሽ አለ! ከፍተህ እንኳን አላየኸውም፣ አንተ ፋራ!»

የዩንዬል ፊት አመድ መሰለ። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ካርቡራተር ሆዱ ውስጥ የጠጋኙ ፊርማ አለበት፤ አንዱ ማሸጊያውን ከሆስፒታል የራጅ ፊልም ይቆርጣል፣ አንዱ በጫማ ሶል ይደፍናል። የተሰረቀ ዕቃ ከሆነ መጀመሪያ ሆዱ ይከፈታል። ይሄ ግን እንደተዘጋ፣ ጭራሽ ለፈረመችው ልጅ ይዞላት መጣ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስምንት ወር ስትንከራተቺ አላየሁሽም? ደግሞ ከኦስማኒ ነው። ኦስማኒ ነው እኮ ዳይማ! ለአባትሽ አላዘንሽም?»

«አሥር ሰዓት ላይ የማቲያስን እጅ ሊቆርጠው ነው።»

«አቦ አታካብጂ፣ ለወሬ ነው። ጥቂት ቢገርፈው ነው።» ዩንዬል ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ ሌላ ቦታ እያየ፣ «ማቲያስ እኮ ለምዶታል» አለ።

ከኪሷ የብሎን መፍቻ ቁልፏን መቼ እንዳወጣች አታስታውስም። የብረት ቁልፉ ትከሻው አጥንት ላይ ሲያርፍ የተሰማውን ድምፅ ግን ታስታውሳለች። ዩንዬል ጮኸ፣ በቡጢ አፏን መታት። ከንፈሯ ተተረተረ። ፀጉሩን ይዛ ብስክሌቱ ላይ ጣለችው፣ ብስክሌቱ ሸንኮራው ላይ ወደቀ። አንገቷን ያዘ፣ ክንዱን ነከሰችው።

«ኧረ እናንተ ውሾች! ሸንኮራዬን!» እያለ ጨማቂው በመጥረጊያ ዘንግ ሁለቱንም እያማታ አላቀቃቸው።

ዩንዬል መሬት ላይ እንደተቀመጠ ማልቀስ ጀመረ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ሲያለቅስ ግን ሕፃን መሰለ። «ስሜን ካነሳሽ ይገድለኛል። ዳይማ፣ እንደሚገድለኝ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ደሟን በእጅጌዋ ጠርጋ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። ቡሿ መዳፉ ላይ ናት።

«ከየት መጣ አልልሽም» አለ ኤልፒዲዮ። «ማንም ያምጣው። ሰውነቱን በአሲድ አጥቤ መልኩን እቀይረዋለሁ። ማታውኑ ፖንቲያኩ ላይ እናስረዋለን።»

«አባዬ፣ ማቲያስን...»

«ሰምቻለሁ! ጆሮ አለኝ።» የማይታጠፉትን ሦስት ጣቶች ፊቷ ላይ ዘረጋቸው። «ይሄ ሲሰበር ማን ተነሳ? ያ ሁሉ ወንድ ዶሚኖውን ትቶ ተነሳ? እኔ ብቻ ነኝ ለሰው የምነሳው?»

«ማቲያስ ተነስቷል።»

«ምን?»

«በባልዲ ጋሪው ጭኖ ሆስፒታል ያደረሰህ ማቲያስ ነው። ውሃውን ደፍቶ። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነበር።»

ኤልፒዲዮ እጁን አነሳ። ሊመታት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ያነሳው የተሰበረውን እጅ ነበር፤ ሊጨብጠው ሞከረ፣ አልተጨበጠለትም። በዚያው በተዘረጋ እጁ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማሰሮ ጠርጎ ጣለው። የስምንት ወር ልፋቷ፣ መርፌውም ስፕሪንጉም ላስቲኩም፣ ከማሰሮው ስብርባሪ ጋር ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። ቡሿን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ግድግዳውን ይዞ ቆመ። 

ዳይማራ የተበተነውን አልነካችም። ቡሿን ከጠረጴዛው አንስታ ቦታዋ መለሰቻት። ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት ግን ከገንዳው ሥር አንዲት የነሐስ ብሎን ፈትታ አወጣች። ከባቄላ ፍሬ አትበልጥም፤ መካከሏ ላይ ቤንዚን የሚያልፍባት የክር ያህል ቀዳዳ አላት። ጉንጯ ውስጥ ከተተቻት። የቤንዚንና የደም ጣዕም ተቀላቀለባት። ካርቡራተሩን በትምህርት ቤት ሸሚዟ ጠቅልላ ወጣች።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ትዕይንት ሲሆን የማይመጣ የለም። ኦስማኒ የማቲያስን እጅ የሼቭሮሌዋ መከላከያ ብረት ላይ አስተኝቶ፣ በጉልበቱ ተጭኖታል። ገጀራውን በአውራ ጣቱ ይሞክራል። ማቲያስ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይላል።

«ይኸው» አለች ዳይማራ።

ሸሚዙን ፈታችው። ኦስማኒ ካርቡራተሩን አየ፣ እሷን አየ። በሁለት እርምጃ ደርሶ ፀጉሯን ጨመደደና አንገቷን ወደ ኋላ ቆለመመው። የገጀራው ጀርባ ጉንጯን ነካት።

«ማነው?»

አፏን ከፈተች። የነሐሷ ብሎን ምላሷ ላይ ናት።

«ብትመታኝ እውጣታለሁ» አለች፣ ቃሉ እየተወላገደባት። «ያለ እሷ መኪናህ ሬሳ ነው።»

«ሌላ አላጣም!»

«ፈልጋ! አባቴ በቀለጠ እርሳስ ደፍኖ በጊታር ክር ነው የበሳት። መጠኗን የሚያውቅ አንድ እጅ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ አንተው በኮፈን ቀጥቅጠኸዋል።»

ኔሬይዳ ከመስኮቷ ሳቀች። «ተበላህ፣ ኦስማኒ! ነጥብ በሌላት ነጭ ጠጠር ተበላህ!» ከዶሚኖ ተጫዋቾቹም አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ማቲያስን ልቀቀው። ዳግመኛ እጅህን እንዳታነሳበት። ማን እንደሆነም እንዳትጠይቅ። በእናትህ መቃብር ማል።»

ኦስማኒ ዙሪያውን ተመለከተ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ፀጉሯን ሲለቅ በጣቶቹ መካከል የተነቀለ ፀጉር ነበር። «በእናቴ መቃብር» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ማቲያስ ተነሳ። አልሮጠም። እንደ ልማዱ ጨርቁን አንስቶ መኪናዋን ሊወለውል ተጠጋ።

«ማቲያስ፣ ሂድ» አለችው።

«እሺ» አለና ሄደ።

ዳይማራ ሞተሩ ላይ ተጎነበሰች። መጀመሪያ ግን ክዳኑን ከፈተች፣ ቡሿን አወጣች።

«መዳፍህን ዘርጋ።»

«ለምንድነው?»

«ዘርጋ።»

ቡሿን መዳፉ ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺ ናት ሰመጠች ያልካት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤንዚን ውስጥ ተኝታለች። ከባድ ናት ቀላል?»

ኦስማኒ ቡሿን ከፍ ዝቅ አደረጋት። የጉንጩ ጡንቻ ይዘላል።

«አልሰማሁም» አለች ዳይማራ።

«ቀላል ናት» አለ።

«ምን አለ?» ኔሬይዳ ከላይ ጮኸች። «ጆሮዬ አይሰማም፣ ምን አለ?»

«ቀላል ናት አልኩ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ እስከ መንገዱ ጫፍ ተሰማ።

ብሎኗን ከአፏ አውጥታ ቦታዋ አሰረቻት፣ ቡሿን መለሰች፣ ካርቡራተሩን ሁለቱ ብሎኖች ላይ አስቀምጣ ዳዶዎቹን መግጠም ጀመረች። ኦስማኒ ከሞተሩ ወዲያ ማዶ መጥቶ፣ ኮፈኑን በአንድ እጁ ይዞ ቆመ። ከባዱ ብረት ከእጆቿ በላይ ተንጠልጥሏል።

«እንዳልጠይቅ ምያለሁ» አለ፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ። «እንዳላይ ግን አልማልኩም። ቀና በይ እስቲ። እዚህ ካሉት ወደ ማን እንደምታዪ ልየው።»

በዚያው ቅጽበት ከኋላዋ የብስክሌት ሰንሰለት ሲንቋቋ ሰማች። የዩንዬል ነው። ያ ሰንሰለት ከሩቅ ይታወቃል፤ የጠገነችለት እሷ ናት። መጥቷል፣ ቆሟል። ከንፈሯ ይጠዘጥዛታል። አንዲት የዓይን ጥቅሻ ብቻ ትበቃ ነበር።

ዳይማራ የመጀመሪያውን ዳዶ አጠበቀች። ሁለተኛውን አጠበቀች። የቤንዚኑን ጎማ ገጠመች። ላቧ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ በፀሐይ የጋለው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ አየችው፤ ሌላ ነገር አላየችም። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ሲነሳ እንኳ ራሷን አላቀናችም። ቁልፏን ኪሷ ውስጥ ከታ፣ መሬት መሬቱን እያየች በሰዎቹ መካከል አለፈች። ብዙ ጫማ አለፈች። አንደኛው የሸንኮራ ጭማቂ የደረቀበት ነበር።

ማዕዘኑ ላይ የአባቷ ጫማ ቆሞ ጠበቃት። ጎን ለጎን ሄዱ።

«ቅድም ምን ብሎ ነው የጮኸው?» አለ ኤልፒዲዮ። «ከርቀት በደንብ አልሰማሁትም።»

«ቀላል ናት አለ።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

«ሰው ሁሉ ሰማ?»

«ሰው ሁሉ።»

 ግቢያቸው ሲገቡ ማሰሮው እንደተሰበረ፣ ዕቃው እንደተበተነ ነበር። ከኋላ ሰንሰለቱ ሲንቋቋ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ።

«ዳይማ» አለ ዩንዬል፣ በቀጭን ድምፅ። «ልልቀምልሽ?»

ዳይማራ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ መጀመሪያ መርፌውን አነሳች። አባቷ ከወዲያ ጥግ ቁጢጥ ብሎ፣ በሁለቱ ደህና ጣቶቹ ስፕሪንጉን ከስብርባሪው መካከል ይፈልግ ነበር።